ባርጁ እስኪደርስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1996 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ኃይለመለኮት፤

ወንድሜ ሳህሉ አጠገብዎ ካለ ይህን ወረቀት አሁኑኑ አጥፈው ኪስዎ ይክተቱት። ብቻዎን ሲሆኑ ያንብቡት። ሰላምታዬን ያዘገየሁት ለዚህ ነውና ይቅር ይበሉኝ። እንዴት ሰነበቱ ጋሼ?

«ምን ሆናችሁ ነው ስልክ የማታነሱት?» ብለው ማሽኑ ላይ የተዉትን ሰምቻለሁ። ሆን ብዬ ነው ያላነሳሁት። ድምፄን ቢሰሙ ፊትዎ ይለዋወጣል፤ ሳህሉ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ፊት ማንበብ የሚያውቅ ሰው ነው።

እማዬ አርፋለች። ሐምሌ ሃያ ሰባት፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት። ጠዋት እኔ ሥራ ልገባ ስል ሻይዋን ይዛ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነበር፤ ከምሠራበት ነርሲንግ ሆም ጠርተውኝ ሆስፒታል ስደርስ አልቆ ጠበቀኝ። ልቧ ነው አሉ። ቅዳሜ ቀበርናት። ከላንድማርክ፣ ከስፕሪንግፊልድ፣ ከሪቨርዴል ፓርክ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ባለቤትዎ ባዩሽ ሦስቱንም ቀን ከጎኔ አልተለየችም፤ እግዜር ይስጥልኝ። የጎደለው ልጇ ብቻ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ ዋሽንግተን በሙሉ የሰማውን የወለደችው ልጅ አልሰማም።

እንዲሰማም አልፈልግም፤ እዚያ አይሆንም። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ሀብተማርያምም የተናገሩት ይህንኑ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ውሃ ላይማ ጭራሽ። ክፍሉን ያስታውሱታል አይደል፣ ያ ባለ ታክሲው? የአባቱን ሞት መኪና እየነዳ በስልክ ነግረውት ከቤልትዌይ አውራ ጎዳና አጥር ጋር ተላትሞ እስካሁን ያነክሳል። ሳህሉ የእማዬ የመጨረሻ ልጅ ነው። ይህን ሰምቶ ከምትሠሩበት ጀልባ ጠርዝ ላይ ቢቆም ማን ይይዘዋል? እኛ ባለንበት፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ጎህ ሲቀድ፣ የሚደግፈው ትከሻ አጠገቡ ሆኖ ይስማ።

አርባዋ እንቁጣጣሽ ላይ ይውላል። ከዚያ በፊት እንደምትደርሱ ባዩሽ ነግራኛለች። እባክዎ ጋሼ፣ አደራዬ አንድ ብቻ ነው፤ ምንም ሳያውቅ ለአርባዋ በደህና ያምጡልኝ።

እህትዎ እንግዳወርቅ


ሂውስተን ወደብ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ እንግዳወርቅ፤

ደብዳቤሽን መጸዳጃ ቤት ገብቼ አነበብኩት። እዚህ ጀልባ ላይ በር የሚዘጋበት ሌላ ቦታ የለም። ከዚያ ወጥቼ ከሳህሉ ጋር ምሳ በላሁ። እንዴት እንደበላሁ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

እመት ንግስትን ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልኝ። በወር አንዴ ላንድማርክ ይመጡና ሳሎናችን ተቀምጠው፣ «ይሄ ልጅ ከታክሲ ወርዶ ውሃ ላይ የወጣው በአንተ ምክንያት ነው» ይሉኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። ሥራውን ያገኘሁለት እኔ ነኝ። እንግዲህ አደራውም የእኔ ነው።

አውሮፕላን ለምን አታሳፍረውም እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እኔም አስቤው ነበር። «ለምን?» ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው? ያለ ምክንያት ሰው ወደ ቤቱ ሲላክ ሞት መኖሩን የማያውቅ የሐበሻ ልጅ የለም። ስለዚህ እንደተባባልነው ይሁን፣ ከብረቱ ጋር አብሮ ይመጣል።

ብረቱ የሚሄደው እዚያው እናንተ ጋ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ለሚሠራው ድልድይ። የአንዱ ርዝመት ከመኖሪያ ሕንፃችን አይተናነስም። በመንገድ ልውሰደው ብትዪ መታጠፊያው ላይ ሰፈር ያፈርሳል። ባርጅ የሚሉት ሞተር የሌለው፣ ሜዳ የሚያህል ጠፍጣፋ ጀልባ አለ፤ ብረቱ እሱ ላይ በሰንሰለት ይታሰራል። እኛ ከፊት ሆነን በረጅም ገመድ እንጎትተዋለን። ፍሎሪዳን ዞረን በአትላንቲክ ወደ ላይ እንወጣለን። ፍጥነታችን የሰው ሩጫ ነው ብልሽ አልዋሸሁም። እኔ ምጽዋ ባሕር ኃይል ሳለሁ በመርከብ ቸኩዬ አውቃለሁ፤ በባርጅ ግን የሚቸኩል የለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

አየሩ ደህና ከሆነ ጳጉሜን ሳትገባ አሌክሳንድሪያ ነን። ሳህሉ ዛሬ ቤት ሊደውል ነው። እማማን ሲጠይቅሽ ምን እንደምትመልሺለት ከአሁኑ አስቢበት።

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሽ ኃይለመለኮት፤

ጃክሰንቪል ቢሮ ስትደርሱ ይህ እዚያ ይጠብቅዎታል። መቼም ጤናዎን ሳልጠይቅ ወደ ጉዳይ መግባት ልማድ አደረግሁት። ደህና ነዎት?

ምን እንዳልኩት ለማወቅ እንደጓጉ አውቃለሁ። የእርስዎ ደብዳቤ የደረሰኝ እሱ ከደወለ በኋላ ነው። ሲደውል እኔ አልነበርኩም፤ ድርብ ሺፍት ይዤ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ኤፍራታ ናት።

ማታ ገብቼ ሰማሁ። ምን አልሽው ብላት፣ «አያቴ እዚህ የለችም ነው ያልኩት፤ ዳትስ ኢት» አለችኝ። ሌላ ምንም? «ማሚ፣ አይ ስዌር» አለች። እዚህ ተወልዳ እዚህ ያደገች የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለ መርዶ ምን ታውቃለች? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። አልደብቅዎትም፣ ትከሻዋን ይዤ ነቀነቅኋት። አለቀሰች። ግን ቃሏን አልለወጠችም፣ አመንኳት።

በማግሥቱ መልሶ ደወለ። ተዘጋጅቼ ነበር። እማዬ ሪቨርዴል ፓርክ ዘመዳችን ብሩክታይት ቤት ናት፣ ጸበል እየተወሰደች ነው፣ ስልክ አይመቻትም ልለው ከብሩክታይት ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ግን ጋሼ፣ አልጠየቀኝም። የኤፍራታን ትምህርት ጠየቀ። የእኔን ወገብ ጠየቀ። «አንቺ ራስሽን ጠብቂ» አለኝና ዘጋ። እማዬን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳትም።

በአንድ በኩል ተመስገን አልኩ። በሌላ በኩል ግን ልደብቅዎት አልፈልግም፣ ተናድጃለሁ። እሷ እኮ እሱ የሚደውልበትን ቀን ከስልኩ ሥር አትነሳም ነበር። ይሄ ባሕር ልቡን አደነደነው እንዴ?

እንግዳወርቅ


ጃክሰንቪል፣ ጳጉሜን 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

እህቴ፤

የዘገየንበትን ምክንያት በዜና ሰምተሽው ይሆናል። አንድ ማዕበል አለፈ ስንል ሌላው ከኋላው መጣ። ባርጁን ይዘን ወንዙ ውስጥ ተሸሽገን መልሕቅ ጥለናል። እንዲህ ያለ ብረት ተሸክሞ ክፍት ባሕር ላይ ነፋስ የሚጠብቅ ካፒቴን የለም፣ ካለም እብድ ነው። ለአርባዋ እንደማንደርስ እወቂ። ይህን ስጽፍ አፈርኩ፣ ግን ነፋስን መለመን አላውቅበትም።

ሳህሉ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ደህና ነው። እንዲያውም እንዲህ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ብረቱ የታሰረበት ሰንሰለት በየቀኑ መታየት አለበት፤ ጀልባው በተናጠ ቁጥር ይላላል። ትንሿን ጀልባ ይዞ ወደ ባርጁ መሻገር ማንም የማይወደው ሥራ ነው፤ ዝናብ አለ፣ ንፋስ አለ። ሳህሉ ግን ተራው ባይሆንም እኔ ልሂድ ይላል። ብቻውን ይሻገርና ከብረቶቹ መሃል ገብቶ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ጨው ነው ይለኛል። ካፒቴኑ ወዶታል፣ ለሚቀጥለውም ጉዞ እንዳትለቁት ብሏል።

ጺሙንም አሳድጎልሻል። ባሕር ላይ መላጨት ሁሉም ይሰንፋል፤ የእሱ ግን ፊቱን ሸፍኖታል። ወጥ ቤቱ ነቢዩ እያለ ይጠራዋል። እኔም «ምነው ዋልድባ ልትገባ ነው?» ብዬ ቀልጄበታለሁ። ፈገግ ብሎ ሥራውን ቀጠለ።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ትናንት ሁለታችን ገመድ ስንጠቀልል ሥራውን አቆመና ዓይኔን ትክ ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ቤት ደህና ናቸው?» አለኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩት።

«እማማም?»

«ደህና ናቸው እንጂ፤ ምን ይሆናሉ?»

«እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብሎ ገመዱን መጠቅለል ቀጠለ።

እንግዳወርቅ፣ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ የጦር አገር ሰው ነኝ። እንደዚህኛው ግን የከበደኝ የለም። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። አደራሽ ዘጋው።

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 3 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሽ ኃይለመለኮት፤

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰዎ ይባላል። እኛ ቤት ዘመኑ አልተለወጠም። ሰው በነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እኛ በጥቁር ለአርባ ገባን። ካህናቱ «ወንድ ልጅ አልነበራቸውም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ምን ብዬ ልመልስ? ባሕር ላይ ነው አልኩ። «አልሰማም?» አሉ። አልሰማም አልኩ። አንዲት ባልቴት ከኋላዬ፣ «ኧረ ምነው፣ ይሄን ያህል ጊዜ?» ስትል ሰማኋት። ዞሬ አየኋት።

ይስሙኝ፣ ጥፋት ሠርቼ ይሆን እያልኩ ራሴን መጠየቅ ጀምሬአለሁ። ግን አንዴ ከገባሁበት መውጫው የታለ? ይሄን ሁሉ ጊዜ ቆይቼ አሁን በስልክ ልንገረው? የባሰ አይሆንም?

ደግሞ ይናደዱብኝ ከፈለጉ ይናደዱብኝ፣ በእሱም ላይ ቂም ይዣለሁ። ከጃክሰንቪል ሁለቴ ደውሏል። ሁለቴም ስሟን አልጠራም። ለእርስዎ «እማማም?» ካለ ለእኔ ምን ከለከለው? እንቁጣጣሽ ማታ ሲደውል፣ «እንዴት ዋላችሁ ዛሬ?» አለኝ። ዛሬ አለኝ፣ የአርባዋን ቀን። ደህና ዋልን አልኩት። እሱም «ጎሽ» ብሎ ዝም አለ። ስልኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ አልኩ። አልተቆረጠም ነበር።

የሆነው ሆኖ ዝግጅቱ አልቋል። አሌክሳንድሪያ በገባችሁ ዕለት ባዩሽ ጋ ይደር። ክፍሉ ሊነጋጋ ሲል እማማ ትፈልግሃለች ብሎ በታክሲው ያመጣዋል። አቶ ሀብተማርያም ከስፕሪንግፊልድ ይመጣሉ፤ ሌሎቹም ሽማግሌዎች ከሥራ ኦፍ ጠይቀዋል። እንደ አገር ቤት በአንድ ጥሪ የሚሰበሰብ ሰው የለም ጋሼ፣ አንዱ የሌሊት ጋራዥ፣ አንዱ ኤርፖርት። ግን ሁሉም እሺ ብለውኛል። የሕንፃውን ማናጀር፣ ጠዋት ጩኸት ብትሰማ ፖሊስ እንዳትጠራ፣ ለቅሶ ነው ብያታለሁ። አንገቷን ነቀነቀች። የገባት አይመስለኝም።

እንግዳወርቅ


ኖርፎክ፣ መስከረም 10 ቀን 1997 ዓ.ም.

እህቴ፤

አጭር ነው፣ ቢሮው ሊዘጋ ነው። ባሕሩን ጨርሰናል፤ ነገ ወደ ፖቶማክ እንገባለን። ዓርብ አሌክሳንድሪያ ድልድዩ ሥር ነን። እኔ ልወርድ አልችልም፤ ብረቱን ክሬን አንስቶ እስኪጨርስ እጠብቅና ባዶውን ባርጅ ይዘን ወዲያው ወደዚሁ ወደ ኖርፎክ እንመለሳለን። ሳህሉን ግን አስፈቅጄለታለሁ። በሩ ላይ አስረክቤሽ ብመለስ ደስ ባለኝ፤ አልሆነም።

አንድ ነገር ከንክኖኛል። ትናንት ልብስ ስናጥብ ከቱታው ሥር የሚለብሰውን አየሁ። ሁሉም ጥቁር ነው። አንድ ነጭ፣ አንድ ግራጫ እንኳ የለውም። «ሌላ የለህም?» ብለው፣ «ጥቁር እድፍ ይችላል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግሪስ ውስጥ ነው የምንውለው። እኔ ነኝ በጭንቀት ሁሉን ነገር የማጣምመው። ተዪው።

በደህና አምጥቼልሻለሁ። የቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ።

ኃይለመለኮት


ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መስከረም 18 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሽ ኃይለመለኮት፤

ባዩሽ ጋ ደውለው፣ «እንዴት ሆነ? ጮኸ ወይ?» እንዳሉ ነግራኛለች። እኔ ራሴ ልንገርዎ ብዬ ነው መልሱን ያዘገየሁት። ኖርፎክ ቢሮ ላኩልኝ ባሉት መሠረት ልኬዋለሁ።

አልጮኸም።

ቅዳሜ ሳይነጋ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል፤ ሽማግሌዎቹ ሳሎን። ክፍሉ እንደነገረኝ መንገድ ላይ ሳህሉ ምንም አልጠየቀውም። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ብቻ ብረቶቹን እያየ፣ «እነዚህን ነው ያመጣነው» ብሎታል።

በሩ ተከፈተ። ጺሙ እርስዎ እንዳሉት ነው። ጃኬቱ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ያን ሁሉ ሰው አየ፣ አልደነገጠም። አቶ ሀብተማርያም ተነሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅ ሳህሉ፣ እንግዲህ የሰው ልጅ…» ብለው ሲጀምሩ እጃቸውን ያዘና፣

«አባባ፣ አይድከሙ። እኔ አልቅሼ ጨርሻለሁ» አላቸው።

ጃኬቱን ከፈተ። ከታች እስከ ላይ ጥቁር ነው።

ያን ጊዜ እኔ ጮህኩ። እሱ ሳይሆን እኔ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እሱ የሽማግሌዎቹን ጉልበት በየተራ ሳመ፣ ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ አለ። ሴቶቹ እንባቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው። ሊያስለቅሱት የመጡት ሰው አላለቀሰም፤ እርስ በርሳቸው ተያይተው አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ኤፍራታ ከመኝታ ቤት እየሮጠች ወጥታ ወገቡ ላይ ተጠመጠመች። «አይ ዲድንት ቴል ኸር፣ አይ ፕሮሚስ» ትለዋለች፤ አልነገርኳትም፣ እምላለሁ ማለቷ ነው። እንግዲህ ያኔ ወጣ ነገሩ። ነሐሴ ላይ ከሂውስተን ሲደውል «አያቴ ሞታለች፣ ቀብረናታል፤ አንተ ለምን አልመጣህም?» ብላዋለች። ልጅ ናት፣ ማንም አላስጠነቀቃትም፤ እኔው ነኝ ያላስጠነቀቅኋት። እሱም፣ «የነገርሽኝን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ትቆጣሻለች» አላት። ልጄ በእሱ ቃል ታስራ ነው ያን ሁሉ ጊዜ የዋሸችኝ። እኔ ደግሞ ትከሻዋን ይዤ ነቅንቄአታለሁ።

ሰው ከሄደ በኋላ፣ «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እናንተስ?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም። «ሊነግሩኝ ያልፈለጉት ነገር ስላለ አላስቸግራቸው አልኩ። ጋሽ ኃይለመለኮትን ግን አንድ ጊዜ ጠየቅኳቸው። ቢነግሩኝ እዚያው ትከሻቸው ላይ አለቅስ ነበር።» የት አለቀስክ ታዲያ ስለው፣ «ባርጁ ላይ። ብረቱ መሃል ገብተሽ ብትጮሂ ማንም አይሰማሽም» አለኝ።

ጋሼ፣ ይህን የጻፍኩት ልወቅስዎ አይደለም። አደራ ብዬ አፍዎን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ብቻውን እንዳያለቅስ ብዬ ነበር ያን ሁሉ ያደረግሁት። እናቱን የሚያህል ሐዘን ብቻውን ተሸክሞ ያን ሁሉ ውሃ ሲያቋርጥ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እናቱን ረሳት እያልኩ ስቀየመው ከረምኩ። ይህን የት አደርገዋለሁ?

መቃብሯን አሳዪኝ አለ። ልሂድ ስል፣ «ኤፍራታ ትወስደኛለች» አለኝ። ሁለቱ ሄዱ። ምን እንዳደረጉ አልጠየቅሁም፣ ልጅቷም አልነገረችኝም።

የመስቀል ዕለት ጺሙን ተላጨ። አብሮኝ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ደግ ነው፣ ወገቤን ይጠይቀኛል። ግን እንግዳ ነው የሆነብኝ። ሁለት ሳምንት ነበር የተፈቀደለት፤ ሳያልቅ ሰኞ እናንተ ዘንድ ልመለስ ብሎ ለካፒቴኑ ደውሏል። ቅር አይበልሽ አለኝ። ቅር ብሎኛል፣ ግን ምን አፍ አለኝ?

እኔም ከእንግዲህ የምለምንዎ ሌላ ነገር የለም። በዚህ በእኛ ቤት አንድ ነገር ቢሆን፣ እኔ እንኳ ብሆን፣ በዚያው ሰዓት ይንገሩት። ውሃ ላይም ቢሆን፣ ገመድ እየጎተተም ቢሆን ይንገሩት። ይጩህ፣ ይውደቅ፣ እርስዎ ይያዙት።

እስከዚያውም፣ ሰንሰለት ላጥብቅ ብሎ ወደ ባርጁ ሲሻገር ብቻውን አይልቀቁት። ዝናብም ቢሆን አብረውት ይሻገሩ።

እንግዳወርቅ